ልጆቹን ማን ይሰብስባቸው?

አሰላ ላይ የክረምት ዝናብ የሚመጣው ከጭላሎ ነው። መጀመሪያ ተራራው ይጠፋል፤ ቀጥሎ ከከተማው በላይ ያለው ባሕር ዛፍ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጊዜ ለሩጫ እንኳ አይበቃም። እናቴ ከጓዳ ሆና "ሰብስቡ!" ስትል ምኑን ብለን ጠይቀን አናውቅም። እኔ ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ፣ ወንድሜ ሰሌን ላይ የተሰጣውን ብቅል እናነሣለን። ታናሽ እህታችን ገና ነፍስ ያላወቀች ስለነበረች የራሷን ጫማ ብቻ አቅፋ እየጮኸች ትገባለች። ወዲያው ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መደማመጥ ያቅተናል።

ያ ግሥ በእናቴ አፍ ብዙ ሥራ ነበረው። ወንድሜ ሲለፈልፍ "አፍህን ሰብስብ" ትለዋለች። እግሩን ዘርግቶ መተላለፊያ ሲዘጋ "እግርህን ሰብስብ" ነው። እኔ ስሮጥ ቀሚሴ ሲገለብ ካየች ደግሞ "ኧረ ሰብሰብ በይ!" የሚለው ድምፅዋ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ይደርስብኛል። የሌላ ሰው ልጅ ስታመሰግን "ሰብሰብ ያለች ናት" ካለች ከዚያ በላይ ምስጋና አልነበራትም። እኔ ያንን ምስጋና ከእሷ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ዛፍ የምትወጣ፣ ከወንዶች ጋር ኳስ የምትራገጥ ልጅ ነበርኩ።

አባቴ አስተማሪ ነበር። ተወልዶ ያደገው መንዝ ነው፤ መንግሥት አሰላ ሲመድበው እናቴን አግብቶ ይዟት መጣ፤ ሦስታችንም የተወለድነው እዚያው ነው። የሚያስተምረው አማርኛ ሲሆን፣ ትምህርቱን ትምህርት ቤት ትቶት የሚመጣ ሰው አልነበረም። ራት ተበልቶ ገበታው ሲነሣ ፋኖሱን ወደ መሐል ይስብና አንድ ግሥ ይሰጠናል። እያንዳንዳችን በዚያ ግሥ ዐረፍተ ነገር መሥራት አለብን። የሌላውን የደገመ ዕቃ ያጥባል።

አንድ ምሽት የደረሰን "ሰበሰበ" ነበር።

"ገበሬው ምርቱን ሰበሰበ" አልኩ እኔ ቀድሜ።

"እሱ መጽሐፉ ላይ አለ፤ ከራስሽ አምጪ" አለኝ።

ወንድሜ "ዳይሬክተሩ ፊሽካ ነፍቶ ተማሪዎቹን ሰበሰበ" አለ። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ እህቴን በጉልበቷ መሐል ይዛ ታበጥር ነበር።

"ይቺን ጠጉር እሰበስባለሁ ብዬ እጄ ሊቆረጥ ነው" አለች ለራሷ።

አባቴ ጭኑን መታ። "ይኸው! ይሄ ነው ዐረፍተ ነገር!"

"ገና ነኝ" አለች እናቴ ሳቋን አፍና። "ሰውም ይሰበሰባል። አንዳንዱ የመንግሥት ሠራተኛ ከጓደኞቹ ጋር አምሽቶ ሲመጣ፣ ተሰበሰብክ ወይ እለዋለሁ።"

እሱም ሳቀ። ከዚያ እንደ ልማዱ ማብራራት ጀመረ። ለቀመ የሚባለው አንድ በአንድ ነው፤ ምስር ውስጥ ያለ ጠጠር ይለቀማል። አጠራቀመ የሚባለው ጥቂት በጥቂት ነው፤ የጣራ ውሃ በርሜል ውስጥ ይጠራቀማል። ከተቆረጠ ማሳ ላይ የወደቀውን ማንሣት መቃረም ነው። "መሰብሰብ ግን" አለን፣ "ተበትኖ የነበረን ነገር ወደሚገባው ቦታ መመለስ ነው። ቦታ የሌለው ነገር ይከመራል እንጂ አይሰበሰብም።"

ይህን እያለ አዴ ገቡ። አዴ ነበር የምንላቸው፤ በአገሩ ኦሮምኛ ትልቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራበት ቃል ነው። የቤታችን ባለቤት ናቸው፤ እኛ የተከራየነው በግቢያቸው ውስጥ ያለውን ሁለት ክፍል ነበር። አርሲ ተወልደው አርሲ ያደጉ እስላም ናቸው፤ ባላቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው አርቦዬ ተድራ ትኖራለች። በገበያ ቀን ስንዴና ገብስ እየሸጡ ራሳቸውን ያስተዳድራሉ። ረጅም፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ድምፃቸው ወፈር ያለ ሴት ናቸው። ያን ምሽት ወተት ይዘውልን መጥተው በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል።

"በኛ ቋንቋ ወሊቲ ቀቢ ነው" አሉ። "እርስ በርሱ አያይዢው እንደ ማለት።"

አባቴ "እርስ በርሱ አያይዢው" ብሎ ደገመው። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቹ ሲያስረዳ ይህንኑ እንደነገራቸው በኋላ ሰማሁ። ዕቃውን ያን ምሽት ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ የመጽሐፉን ዐረፍተ ነገር አምጥተሻል ተብዬ።

እናቴ የሞተችው በቀጣዩ ዓመት፣ ስንዴው ከመታጨዱ በፊት ነው። ትኩሳት ያዛት፤ መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ፤ ከዚያ ሐኪም ቤት ገባች፤ ከዚያ አልተመለሰችም። ስለዚያ ሳምንት የማስታውሰው ትንሽ ነው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ገጽታቸውን የማላውቃቸው ሴቶች እያቀፉኝ ሲያለቅሱ። አዴ የሰፈሩን እስላም ሴቶች አስከትለው ውሃ ሲያስቀዱና እንጨት ሲያስፈልጡ አስታውሳለሁ። አባቴ ጥግ ይዞ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ድረስ ተከናንቦ ተቀምጧል። ሰው ሲያናግረው "እሺ" ይላል፤ ሌላ ቃል አልነበረውም።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ዘመድ ተሰበሰበ። ከመንዝ የአባቴ ታላቅ ወንድም መጡ፤ ከአዲስ አበባ የእናቴ ታናሽ እህት መጣች። አጎቴ ጠና ያሉ፣ ቁጣ የማያውቁ፣ ግን ያሉት ነገር ሳይፈጸም የማይነሡ ገበሬ ናቸው። አክስቴ ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ልጅ አልወለደችም። ከምሳ በኋላ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተጨመሩና በሩ ገርበብ ተደረገ። እኛን ወደ ውጪ ቢያስወጡንም እኔ ከመስኮቱ ሥር ከጎመኑ መደብ ላይ ተቀመጥኩ።

"እንግዲህ" አሉ አጎቴ፣ "የሞተችውን እግዜር ነፍሷን ይማር። አሁን ያለው ጉዳይ፣ ልጆቹን ማን ይሰብስባቸው ነው።"

ቃሉን እንዲህ ባለ አገባብ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ልብስ፣ እህል፣ ጠጉር ይሰበሰባል፤ እኔ ግን የምሰበሰብ ነገር መሆኔን አላውቅም ነበር። 

አጎቴ ነገሩን በልባቸው ጨርሰው ነው የመጡት። ወንድ ልጅ ብቻውን ቤት አይዝም፣ ሦስት ልጅም አያሳድግም አሉ። ወንድሜን እሳቸው ይወስዱታል፤ እዚያ የአጎት ልጆች አሉ፣ መሬት አለ። ትንሿን አክስቴ ትወስዳታለች። እኔ ትልቋ ስለሆንኩ እዚህ ቀርቼ ለአባቴ እንጀራ እጋግራለሁ፤ ትምህርቱንም እስካሁን የተማርኩት ይበቃኛል። ሽማግሌዎቹ "ደግ ነው፣ ደግ ነው" አሉ።  ሌላ ጊዜ በአንድ ቃል ላይ ግማሽ ሰዓት የሚከራከረው አባቴ ያን ቀን ድምፁ አልተሰማም።

በሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ከዚያ የአዴ ድምፅ መጣ።

"ሳትጠሩኝ ገባሁ፤ ይቅርታ። መናገር ይፈቀድልኛል?"

 አጎቴ "ይግቡ እሜቴ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው" አሉ።

"ቤቱማ የኔ ነው" አሉ አዴ። "ስለ ልጆቹ ነው የምናገረው። ኢተያ አጠገብ ወንድሞች ነበሩኝ፤ ሦስት ናቸው። የሰው መሬት ነበር የሚያርሱት፣ እህሉን እያካፈሉ። ጌታው ትራክተር ሲያመጣ ውጡ አላቸው። አንዱ ባሌ ወረደ፣ አንዱ የአርሲው ሮቤ ሄደ፣ አንዱ አዋሽ ለጥጥ ለቀማ ገባ። እናቴ ሦስቱን በአንድ ገበታ ሳታይ ሞተች። እኔም እስከ ዛሬ አላየሁም። ልጅ አይበተንም መምህር! አንዴ ከተበተነ በኋላ የሚሰበስበው የለም።"

"ስንዴም ይበተናል እኮ እሜቴ" አሉ አጎቴ በቀስታ። "ሳይበተን መች ይበቅላል።"

"ስንዴ ሲበተን አንድ ማሳ ላይ ነው ጌታዬ። አንዱን ፍሬ መንዝ፣ አንዱን አዲስ አበባ የሚዘራ ገበሬ አይቼ አላውቅም።"

አንዱ ሽማግሌ ሳቃቸው አመለጣቸው። አጎቴ ግን አልሳቁም። ቢቀሩስ ማን ያያቸዋል፣ አባታቸው ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ነው ብለው ጠየቁ። አዴ "እኔ አያለሁ" አሉ። ከዚያ አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሁሉም የፈራው ነገር እንደሚመጣ ገባኝ።

"አይክፋዎት እሜቴ። ደግ ሴት እንደሆኑ ሰምቻለሁ። ግን እርስዎ እስላም ነዎት፣ ልጆቹ የክርስቲያን ልጆች ናቸው። የእርስዎ ሥጋና የእኛ ሥጋ አንድ አይደለም። ጾሙ አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑ አለ።"

"ሥጋ መቼ በላን!" አሉ አዴ። "ሽሮና ጎመን ሃይማኖት የላቸውም። በዓል ሲሆን አባታቸው ከክርስቲያን ቅርጫ ያመጣል፤ ልጅቷ በራሳቸው ድስት ትሠራለች፤ እኔ እጄን አላስገባም። ጾማቸውን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ረቡዕና ዓርብ ወተት አምጥቼላችሁ አውቃለሁ መምህር?"

የአባቴን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። "አምጥተው አያውቁም" አለ። ከዚያም ቀስ ብሎ ጨመረ፤ "ወንድሜ፣ ልጆቼን አትውሰድብኝ።"

እንዲህ ሲል ድምፁ ተሰበረ። ጎመኑ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ክርክሩ እስከ ምሽት ቆየ። መጨረሻ ላይ አጎቴ እስከ ክረምት ድረስ ይታይ ብለው ተስማሙ፤ ወንድሜም እኔም ቀረን፤ ትምህርቴንም እንዳላቋርጥ ሆነ። አክስቴ ግን እሺ አላለችም። እህቴን አቅፋ "ይቺ ገና ጡት የተወች ሕፃን ናት፤ እናት ትፈልጋለች። የእህቴን ልጅ ለጎረቤት ጥዬ አልሄድም" ብላ አለቀሰች።  በማግስቱ ጠዋት እህታችንን ይዛት ሄደች። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘናት። እህቴ መስኮቱ ላይ ፊቷን ለጥፋ እየሳቀች እጇን ታወዛውዝ ነበር፤ ሽርሽር መስሏት።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሯችን ከአዴ ኑሮ ጋር ተቀላቀለ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ የምንገባው እሳቸው ቤት ነው። እሳቸው ቁና ይዘው እህል ሲሰፍሩ እኛ ከጆንያው ላይ ተቀምጠን የቤት ሥራ እንሠራለን። በዐቢይ ጾም ቅቤውን ከእኛ ድስት ያርቃሉ፤ በረመዳን ደግሞ እኛ ምሳ ስንበላ እሳቸው አጠገባችን ተቀምጠው ያወሩናል። ወንድሜ አንድ ቀን "እኔም ዛሬ ከአዴ ጋር ነው የምጾመው" ብሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታገለና እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ ቆሎ በእጁ አስጨበጡት። "የልጅ ጾም እስከዚህ ድረስ ነው" አሉት።

ኦሮምኛውን ወንድሜ ከእኔ ቶሎ ያዘው። እኔ የያዝኩት የገበያውን ነው። አዴ የገበያ ቀን አብሬያቸው ስሄድ ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው፣ ጆንያው ዳር ላይ ቁጭ ብለው፣ ከገዢው ጋር በአንድ ትንፋሽ በሁለት ቋንቋ ይከራከራሉ። ዝናብ ሲመጣ ያው ተራራው ይጠፋል። ያኔ ገበያው ሁሉ ይነሣል፤ አንዱ "ሰብስብ!" ይላል፣ ሌላው "ወሊቲ ቀቢ!" ይላል፤ ጆንያ፣ ዶሮ፣ ሕፃን፣ የሸክላ ድስት ሁሉ ወደ ቆርቆሮ ሥር ይሮጣል። እኔ እንደዚያ ዓይነት ግርግር ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ፋኖሱን ወደ መሐል የመሳብ ልማዱን ግን አልቀጠለበትም። ስለ እናቴም አያወራም። ስሟ ከተነሣ ተነሥቶ ይወጣል። ወንድሜ አንድ ጊዜ "እማዬ ይሄን ትወድ ነበር" ሲል አባቴ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በእሱ ፊት አናነሣትም።

ክረምት ሲገባ እህታችንን ለማምጣት አዲስ አበባ ልንሄድ ተነሣን። ሐሳቡ የአዴ ነበር። "አንዷ ቀርታ ተሰበሰቡ አይባልም" ብለው አባቴን ሲነዘንዙት ከረሙ። እሳቸውም አብረውን ሄዱ፤ በዕድሜያቸው ከናዝሬት አልፈው አያውቁም ነበር። ለአክስቴ ቅቤ፣ በሶና የገብስ ቆሎ ቋጥረው፣ ለመንገድ የማይለብሱትን አዲስ ቀሚሳቸውን ለበሱ። አውቶቡሱ ውስጥ እኔ ለእህቴ የምነግራትን ስደረድር ነበር፤ የአዴ ላም ስለወለደቻት ጥጃ፣ ስለ ወንድሜ ጾም፣ ከእኔ ጋር እንደምትተኛ።

የአክስቴ ቤት ጉለሌ ነው። ስንገባ እህቴ ግቢው ውስጥ ከአንድ ድመት ጋር ትጫወታለች። ወፍራለች፤ ጠጉሯ በሁለት ተጎንጉኗል፤ ቀይ ሹራብ ለብሳለች። እኔ እየጮህኩ ሮጥኩባት። እሷ ደንግጣ ወደ ቤት ሮጠችና አክስቴ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገች።

"እማዬ፣ ማናት?" አለቻት።

አባቴ ቆሞ ቀረ። አክስቴ ፊቷ ቀላ፤ "እህትሽ ናት እኮ፣ አባባም መጥቷል፤ ሂጂ ሳሚው" ብትላትም አልወጣች አለች። ምሳ ቀረበ፤ ሁላችንም በላን ለማለት ያህል ቀመስን። እህቴ ቀስ በቀስ ለመደችን፤ ከሰዓት በኋላ አባቴ ጭን ላይ ተቀምጣ በጢሙ ትጫወት ጀመር። ያኔ ጠየቃት።

"የኔ እናት፣ ወደ ቤት እንሂድ?"

"ቤቴ እዚህ ነው" አለች፤ በጣቷ ወለሉን እያሳየች።

አክስቴ ወደ ጓዳ ገባች። ግድግዳው ስስ ነበር፤ ስታለቅስ ይሰማል። አባቴ አዴን አያቸው፤ እኔም አየኋቸው። ያን ሁሉ ሽማግሌ የረቱ ሴት አሁን ምን እንደሚሉ እጠብቅ ነበር። አዴ እህቴን አዩ፤ የጓዳውን በር አዩ።

"ይተዉአት መምህር" አሉ በመጨረሻ። "ይቺ ተሰብስባለች።"

በማግስቱ ያለ እህቴ ተመለስን። አክስቴ በየክረምቱ ልትልካት ምላ ነበር፤ መሐላዋን ጠብቃለች፤ እህቴ ካደገች በኋላ እስከ ዛሬ ድረስ ሁለት እናት እንዳላት ሰው ነው የምትናገረው። ያን ጊዜ ግን ይህ ሁሉ አይታየኝም ነበር። ከአዴ ጋር ተኮራረፍኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በቀጥታ ወደ ራሳችን ክፍል መግባት ጀመርኩ። ወንድሜ እሳቸው የላኩልኝን ቂጣ ይዞ ሲመጣ አልበላም አልኩ።

እሳቸው አልለመኑኝም። አንድ ከሰዓት በኋላ ጓሮ ባቄላ ሲፈለፍሉ ራሴው ሄጄ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

"ልጅ አይበተንም ያሉት እርስዎ ነዎት" አልኳቸው።

"ነኝ።"

"ታዲያ ለምን ተዉአት?"

የተፈለፈለውን ባቄላ ከቀሚሳቸው ወደ ሰፌዱ ገለበጡት። "ቁጭ በይ" አሉኝ። ቁጭ አልኩ።

"እህትሽ ማታ ማን አልጋ ላይ ነው የምትተኛው? አክስትሽ አልጋ ላይ። ማን ያጥባታል? እሷ። ስትታመም ማንን ትጠራለች?"

ሰፌዱ ውስጥ ያለውን ባቄላ በጣቴ አተራመስኩ።

"እኔ ስሄድ የተበተነች ልጅ ላነሣ ነው የሄድኩት። አገኘኋት፤ የተበተነች አልነበረችም። ብናመጣት ኖሮ የምንበትናት እኛ ነበርን" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ለኔም ከብዶኛል። አልጋ አዘጋጅቼላት ነበር።"

አልጋው መኖሩን አላውቅም ነበር። በኋላ ገብቼ አየሁት፤ ከእሳቸው አልጋ አጠገብ፣ አዲስ ጠፍር የተወጠረበት ትንሽ የእንጨት አልጋ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድሜ ይተኛበት ጀመር፤ ከአባቴ ጋር መተኛት ሰልችቶት ነበርና። እኔም ባቄላውን አብሬ መፈልፈል ጀመርኩ።

ስድሳ ስድስት ዓ.ም. ሲመጣ ቃሉ ሌላ መልክ ያዘ። አስተማሪዎች ሥራ አቆሙ፤ ተማሪ ሰልፍ ወጣ፤ አሰላ ውስጥ ከጠጅ ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሁሉ ስብሰባ ሆነ። አባቴ ጠዋት ስብሰባ፣ ከሰዓት ስብሰባ ነበር። ደስ የሚለው ነገር ድምፁ ተመልሶ መምጣቱ ነው፤ ቤት ሲገባማ ከመናገር ብዛት ጎርንኖ ነው። አዴ በሩ ላይ ይጠብቁታል።

"ዛሬ ምን ሰበሰባችሁ መምህር?"

"ሰው ነው የተሰበሰበው አዴ።"

"ሰው ተሰብስቦስ?"

"ተወያየን።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ተበተንን" ይላል አባቴ እየሳቀ።

አዴም ይስቃሉ። አንድ ቀን ግን ሳቃቸውን አቁመው "መሬቱን ለሚያርሰው ይሰጣሉ የሚሉት እውነት ነው?" ብለው ጠየቁት። አባቴ መሬት ላራሹ እየተባለ መሆኑን፣ የሚሆነውን ግን ማንም እንደማያውቅ ነገራቸው። እሳቸው ብዙ አሰቡና "ኢንሻአላህ" ብለው ወደ እህላቸው ተመለሱ።

በዚያው ክረምት መጨረሻ አባቴ ወደ ናዝሬት ተዛወረ። ለእድገት ነው፤ ማንም ሊቃወም አይችልም። ዕቃችን ትንሽ ስለነበረ ለመጫን ጊዜ አልፈጀም። አዴ ሁሉንም በራሳቸው እጅ አሰሩት፤ ሳህኑን በልብስ መሐል፣ ብርጭቆውን ገለባ ውስጥ። አርቦዬ ያለችው ልጃቸው መጥታ ነበር፤ እሷም ረዳች። በመጨረሻ እኔን ወደ ጓዳ ጠሩኝ። ጠጉሬን ፈትተው እንደገና ጎነጎኑልኝ፤ ቀስ እያሉ፣ ምንም ሳይናገሩ። ሲጨርሱ ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩኝ።

"አሁን ትልቅ ሴት ሆነሻል" አሉኝ። "ወንድምሽን አደራ። አባትሽንም አደራ፤ እሱ ዝም ሲል አብረሽው ዝም አትበይ።"

አውቶቡስ ተራ አልሸኙንም። መሸኘት አልወድም አሉ። በግቢው በር ላይ ቆመው ጋሪው እስኪታጠፍ አዩን። ወንድሜ በኦሮምኛ እየጮኸ ይሰናበታቸው ነበር፤ ምን እንዳለ አልሰማሁትም፤ እሳቸው ግን ሰምተው በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ከዚያ በኋላ በሕይወት እስከነበሩ ድረስ በየዓመቱ ለዓረፋም ለመስቀልም እንጠያየቅ ነበር፤ አባቴ ሲሞት ናዝሬት ድረስ መጥተው ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ሦስት ቀን ተቀምጠዋል።

ያን ቀን አውቶቡሱ ኢተያ ላይ ቆመ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ስንዴው ዓይን እስከሚያይበት ድረስ አረንጓዴ ነው። ወንድሜ አልቅሶ አልቅሶ ራሱን ጉልበቴ ላይ ጥሎ ተኝቷል። አባቴ በመስኮት ከሻጭ ልጆች ቆሎ ገዛ፤ ለእኔ ሰጠኝ፤ ከዚያ ውጪውን ሲያይ ቆየ። አዴ ያሉኝን አስታወስኩ፤ ግን ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅሁም።

እሱ ቀደመኝ።

"ከእናታችሁ ጋር መጀመሪያ የመጣን ጊዜ" አለ፣ "እዚህ ጋ አውቶቡሱን አስቆመችው። መኪና አሟት ነበር። ወርዳ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና አልነሣም አለች።"

ቆሎውን ማኘክ አቆምኩ።

"ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ እሷ ማንንም አትሰማም። 'ይሄን የሚያህል ስንዴ ያለበት አገርማ በእግሬም እደርሳለሁ፣ እናንተ ሂዱ' አለቻቸው።"

"ከዚያስ?" አልኩት።

"ከዚያ" አለ አባቴ፤ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ወንድሜን አለበሰውና ወደ እኔ ዞሮ ተመቻቸ፤ እስከ ናዝሬት ድረስ ስለ እሷ ነገረኝ።